ይሄ ባቡር የት ነው የቆመው? የአንባቢዎቻችን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የአንድ አንባቢያችንን የድሮ ባቡር ፎቶ አትመን "የት እንደሆነ የሚያውቅ አለ?" ካልን ወዲህ የመጣልን ፎቶ ብዛት ለጉድ ነው፣ ቴሌግራሙ ሞልቷል፣ በፖስታ ሳይቀር የላከ አለ፣ አንዲት እናት ደግሞ በፌስታል ጠቅልለው ቢሮ ድረስ ይዘውልን መጥተው ሻይ እየጠጣን አንድ ባንድ አየነው። ሁሉንም ባንዴ መመለስ ስለማይቻል ለዛሬ የተወሰኑትን መርጫለሁ። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ያደግኩ የሽመንደፈር፣ የምድር ባቡሩ ማለቴ ነው፣ ልጅ ነኝ፣ ጠዋት የሚቀሰቅሰን የባቡሩ ጡሩምባ ነበር፣ ስለዚህ እነዚህን ፎቶዎች ሳይ እንደ ሥራ ብቻ አላያቸውም፣ የሰው ቤት አልበም እንደተከፈተልኝ ነው የምቆጥረው። ለላካችሁልን ሁሉ በጣም አመሰግናለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የላክሁት የአያቴ ፎቶ ነው፣ ባቡር አጠገብ ቆሞ የሚስቀው እሱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ለገሃር ነው የተነሳው ይላል። ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ" ይልና 12/3/55 የሚል ቀን አለው። እናቴ በኛ አቆጣጠር ነው ትላለች፣ አጎቴ ደግሞ አያትሽ ከፈረንጆች ጋር ይሠራ ስለነበር በፈረንጅ ነው ይላል። በየበዓሉ ስንገናኝ ክርክሩ ይነሳል። እባካችሁ አንድ በሉን።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ፎቶ ሶስት ቀን ሙሉ ነው ያየሁት፣ በጣም ደስ የሚል ፎቶ ነው። መጀመሪያ ቦታው። ለገሃር አይደለም፣ ድሬዳዋ ነው። ለምን እንዳልኩሽ ላሳይሽ፣ አንቺም ፎቶውን ከፍተሽ እያየሽ አንብቢኝ።

ሰው ሁሉ የባቡር ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ ባቡሩን ነው የሚያየው፣ ባቡሩ ግን ተንቀሳቃሽ ነው፣ ዛሬ አዋሽ ነገ ጅቡቲ ነው፣ ስለዚህ ስለ ቦታው ብዙ አይነግርሽም። ቦታውን የሚነግርሽ የማይንቀሳቀሰው ነገር ነው። ከአያትሽ ትከሻ በላይ በስተቀኝ ያለውን ተራራ ተመልከቺው፣ ራቁቱን ነው፣ ዛፍ የለውም፣ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ ይሄ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው ሰንሰለት ነው፣ ወደ ሐረር ስትወጪ የምትወጪው እሱን ነው። አዲስ አበባ ቢሆን የሆነ ጥግ ላይ ባሕር ዛፍ አይጠፋም ነበር። ከዛ ሰዎቹን እያቸው። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው የለበሱት፣ አንደኛው ሽርጥ አገልድሟል፣ ፀሐዩ ገና ዘቅዘቅ ያለ ነው ጥላው ረጅም ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ወይ አመሻሽ ነው፣ በዛ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ማንም እንደዛ ለብሶ አይቀመጥም፣ ጋቢ ወይ ካፖርት ይታይ ነበር። ደግሞ በግራ በኩል ፉርጎ ያልተቀጠለላቸው ሁለት ሎኮሞቲቮች ቆመዋል፣ ከነሱ ወዲያ ደግሞ ትልቅ የቆርቆሮ ሃንጋር አለ። የምድር ባቡሩ ዋና ወርክሾፕ ድሬዳዋ ነበር፣ ሎኮሞቲቭ የሚታከመው እዛ ነው፣ እንደዛ ሥራ ፈትቶ ባዶውን የሚቆም ማሽን የምታይው እዛ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። የቤታችሁ ክርክር ትክክለኛ ክርክር ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ካየን ሁለቱም ያስኬዳል። በኛ ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 1955 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ማርች 12፣ 1955፣ ማለትም በኛ መጋቢት 3 ቀን 1947። ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት ነው። ባቡሩ አይፈታውም። ሎኮሞቲቩ በናፍጣ የሚሄድ ነው፣ ናፍጣው ደግሞ እንፋሎቱን መተካት የጀመረው በኛ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ለሁለቱም ይሆናል። ፉርጎው በር ላይ ያሉት ሶስት የላቲን ፊደላት ሲ፣ ኤፍ፣ ኢ ናቸው፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ማለት ነው፣ እነሱም እ.ኤ.አ. በ1981 ኩባንያው የጅቡቲና የኢትዮጵያ ሆኖ ስሙ ሲለወጥ ነው መሀል ያለው ፊደል ወደ ዲ የተቀየረው፣ ስለዚህ ይሄም ለሁለቱም ይሆናል።

የፈታው ምን መሰለሽ፣ ማንም ያላየው መኪና ነው። ፎቶው በቀኝ በኩል ጠርዙ ላይ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ የመኪና ቂጥ ብቻ ይታያል። ዙም አድርጊው። የኋላ መብራቱ ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ ሾል ያለች ጫፍ አለች። ፔጆ 404 ነው። የድሬዳዋ ልጅ ይሄን መኪና አይስተውም፣ ታክሲያችን ነበር። ፔጆ 404 ደግሞ ፋብሪካው ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በማርች 1955 ገና አልተሠራም። ስለዚህ ቀኑ በኛ ነው፣ ኅዳር 12 ቀን 1955፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 21፣ 1962። "ለማስታወሻ" የሚለውና ቁጥሩም በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ ነው የተጻፈው፣ እሱም ይደግፈዋል። እናትሽን እንኳን ደስ ያለሽ በያት፣ አጎትሽንም አክብሪልኝ፣ ያነሳው ጥያቄ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ነው፣ በሽመንደፈር ወረቀት ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ስለነበረ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስካን ስታደርጊ ጠርዙን ቆርጠሽ ነው የላክሽልኝ መጀመሪያ፣ ሁለተኛ ሙሉውን ባትልኪው ኖሮ መኪናዋ አትገኝም ነበር። ነጩን ጠርዝ ሳይቀር ሙሉውን፣ ጀርባውንም ጭምር ስካን አድርጊና አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ከአዲስ አበባ። ፌስቡክ ላይ "አፄ ምኒልክ የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ሲያስመርቁ" የሚል ፎቶ በጣም ይዞራል፣ ብዙ ሕዝብ ከቦት የሚታይ ጥቁር ትልቅ ማሽን ነው። ለክፍል ሥራ ልጠቀምበት አስቤ ነበር፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ሳትጠቀምበት መጠየቅህ በጣም ጥሩ ነው። መግለጫው እውነት አይደለም፣ ፎቶው ግን እውነተኛ ነው፣ እንዲያውም እንደ ባቡሩ ታሪክ የሚያስገርም ታሪክ አለው።

ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ሀዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1907፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ነው፣ ያኔ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው ዙፋን ላይ ያሉት፣ ራስ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽ። ባቡሩን ያሰቡት፣ ለስዊሱ መሐንዲስ ለኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሼፍኑ በ1886 ውሉን የሰጡት፣ በገንዘቡም በፖለቲካውም ሲለፉ የኖሩት ምኒልክ ናቸው፣ ግን ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩትም። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። ከ1890 ገደማ ጅቡቲ ላይ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዛ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሠረ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፣ ጊዜው ሄደ፣ እሳቸው ታመሙ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምኒልክና ለገሃርን አንድ ላይ የሚያነሳ የፎቶ መግለጫ ካየህ እዛው ላይ ቁም።

ታዲያ ማሽኑ ምንድነው? እግሩን እየው። ከስሩ ሀዲድ የለም። ጎማው ሰፊና ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ባቡር ቢሆን ጠባብ ሆኖ ሀዲዱን የሚይዝበት ከንፈር ነበረው። ይሄ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ነው፣ አርመኑ ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው፣ ሕዝቡም "የሰርኪስ ባቡር" ብሎ የሰየመው። ጭስ የሚተፋና በራሱ የሚሄድ ብረት ሁሉ ያኔ ባቡር ነው፣ ወፍጮውም እኮ እስከ ዛሬ ባቡር ነው የሚባለው በብዙ ቦታ። ስሙ ነው መቶ ዓመት ቆይቶ ሰውን ያሳሳተው። ለክፍል ሥራህ ፎቶውን ተጠቀምበት፣ መግለጫውን ግን "የሰርኪስ ባቡር" ብለህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነው የምጽፈው። አባታችን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሳው ፎቶ ነው፣ ከዋሻ የሚወጣ አንድ ፉርጎ ብቻ የሆነ ባቡር መስኮት ላይ እጁን ያውለበልባል። እኛ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ነው ብለን ነበር የምናውቀው። አባታችን በሕይወት የለም፣ ከወታደርነቱ ዘመን የቀረን ፎቶ ይሄ ብቻ ነው።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ይሄ ፎቶ የጅቡቲ መስመር አይመስለኝም ብዬ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መስመር ላይ ነው።

ሊቶሪና የሚባለው ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር፣ ሞተሩ ራሱ ውስጥ ያለው፣ በሁለቱም መስመር ሄዷል። ፊያት ነበር የሚሠራው፣ ስሙንም ያገኘው ሮም አጠገብ ካለችው፣ ያኔ ሊቶሪያ ትባል ከነበረችው ከተማ ነው፣ ጣልያን በወረራው ዘመን በአዲስ አበባው መስመርም አስኪዶታል። ስለዚህ ሊቶሪና ስላየን ብቻ አስመራ ነው ማለት አንችልም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። እኔን ያሳመነኝ ገደሉ ነው። ከዋሻው አፍ በታች ሌላ ሀዲድ ይታያል፣ ከሱም በታች አንድ ሌላ፣ ማለትም ያው መስመር ተራራውን እየዞረ ሶስት ጊዜ ይታያል። የጅቡቲው መስመር ደጋው ላይ በቀስታ ነው የሚወርደው፣ ዋናው ችግሩ ወንዝና ሸለቆ ስለሆነ የሚታወቀው በድልድዮቹ ነው፣ እንደ ሆልሆል ያሉት። የአስመራው ግን ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ብቻ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ለዛ ነው ዋሻ በዋሻ ላይ የሆነው። ከዳገቱ ላይ ደግሞ እርከንና የበለስ ቁልቋል አለ። ከነፋሲት እስከ አርባሮባ ያለውን መንገድ በመኪና የሄደ ሰው ይሄን መልክ አይረሳውም፣ ቀና ካሉ ደብረ ቢዘን ገዳም ያለበት ተራራ ነው።

ዘመኑም ይገጥማል። መስመሩ አስመራ የገባው በ1904 ነው፣ በኋላ ከረንና አቆርዳት ድረስ ተዘርግቷል፣ ሥራውን ያቆመው በ1960ዎቹ አጋማሽ ግድም በጦርነቱ ምክንያት ነው። ሀዲዱ ሳይቀር ተነቅሎ የምሽግ ጣራ ሆኗል፣ በሁለቱም ወገን። አባታችሁ እጁን ሲያውለበልብ የነበረበት መስመር ከጥቂት ዓመት በኋላ አልነበረም ማለት ነው። ከነፃነት በኋላ ኤርትራውያን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ከምጽዋ አስመራ ያለውን መልሰው ሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አስመራ ደረሰ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ናቸው መዶሻ ይዘው የሠሩት፣ እኔ ይሄን ስሰማ የኛዎቹ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ናቸው ፊቴ ላይ የሚመጡት።

ጀርባው ላይ ከአባታችሁ ስም ስር በእርሳስ "አስመራ ምጽዋ መስመር" ብላችሁ ጻፉበት። በእስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል፣ ተጭናችሁም እንዳትጽፉ።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ፣ አባቴ ፎቶ ቤት ነበረው፣ ሲያርፍ አንድ ካርቶን ኔጋቲቭ አገኘሁ። በሞባይል አፕ ገልብጬ ካየኋቸው መሀል አንድ ባቡር ከትልቅ ጥቁር ተራራ ስር ሲያልፍ የሚያሳይ አለ። እኔ ፈንታሌ ነው እላለሁ፣ መተሐራ ጋ፣ ጓደኛዬ ግን ተራራው በተቃራኒ ነው መሆን ያለበት ይለኛል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ኔጋቲቩን ገልብጠህ ነው ያነሳኸው። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስትሄድ ፈንታሌ በግራህ ነው፣ ያንተ ፎቶ ላይ በቀኝ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ ወደ አዋሽ አቅጣጫ እየሄደ እንደሆነ አንተው ነህ አባትህ ጥቅሉ ላይ "ወደ ድሬ" ብሎ ጽፏል ያልከኝ። ግን ዝም ብዬ በተራራው ብቻ አልፈረድኩም። በፉርጎው በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ሸሚዙን አየሁት፣ የደረት ኪሱ በቀኙ በኩል ነው። የወንድ ሸሚዝ ኪሱ በግራ ነው። አየህ፣ ተራራ ቢያከራክር ኪስ አያከራክርም። ለወደፊቱ ኔጋቲቭ ስታነሳ የሚያብለጨልጨው ገፅ ወዳንተ፣ ድብዝዝ ያለው ገፅ ወዲያ ይሁን፣ ያኔ ቀኙም ግራውም ቦታው ላይ ነው።

ይሄ ፎቶ ግን ከተራራው ይልቅ ለውሃው ሲባል መጠበቅ ያለበት ነው። ከሀዲዱ ወዲያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ደረቅ ነው፣ ሐይቁ ራቅ ብሎ እንደ ክር ነው የሚታየው። በሰቃ ሐይቅ እንዲህ ነበር ድሮ፣ በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፣ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል፣ እያደገ መጥቶ መንገዱንም ሀዲዱንም ሊውጥ ደርሶ አፈር እየተሞላ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ስለዚህ መተሐራ ጋ የተነሳ የባቡር ፎቶ ያለው ሰው ውሃው ከሀዲዱ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ቢያይ ዘመኑን በግምት ያገኘዋል፣ ሐይቁን የሚያጠኑ ሰዎችም እንዲህ ያለ ፎቶ ይፈልጉታል። ኔጋቲቮቹን ከካርቶኑ አውጥተህ በወረቀት ከረጢት አድርጋቸው፣ ፌስታል ውስጥ እንዳታስቀምጥ፣ የአዳማ ሙቀት ያጣብቃቸዋል።

ጥያቄ፦ የለገሃር ጣቢያ ፎቶ አለኝ፣ ፊት ለፊቱ ግን የይሁዳ አንበሳ ሐውልቱ የለም። ፎቶው የተነካካ ነው ወይስ አንበሳው ሌላ ቦታ ነበር? ከቴል አቪቭ።

መልስ፦ አልተነካካም፣ አንበሳው ነው ያልነበረው። የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ነው፣ አንበሳው የቆመው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ጥቅምት 1923 ሲደርስ፣ ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ የተመለሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ አንበሳ የሌለው የለገሃር ፎቶ ወይ የመጀመሪያዋ አንድ ዓመት ነው ወይ ከወረራው እስከ መመለሱ ያሉት ዓመታት ነው። ያንተ ላይ በሩ አጠገብ የቆመው የጭነት መኪና ከ1922 በጣም የዘገየ ሞዴል ነው፣ በሁለተኛው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ፎቶው ወደ ቸርችል ጎዳና የሚያሳይ ሌላ ጥንድ ካለህ ደግሞ ከላይ ማዘጋጃ ቤቱ አለ ወይ ብለህ እይ፣ እሱ በኛ በ1950ዎቹ ነው የተሠራው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ከዚህኛው ጋር እንዳታምታታው ብቻ፣ እሱ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ስሜን አትጻፉት። ከፉርጎ ላይ ፉርጎ የተደራረበበት፣ ገደል ውስጥ የወደቀ ባቡር ፎቶ አለኝ፣ ሰዎች ከላይ ቆመው ያያሉ። የ1977ቱ የአዋሽ ነው ይባላል። በዛ ባቡር ላይ ዘመድ ነበረኝ። እውነት እሱ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ስምዎትንም ፎቶውንም አናወጣም። እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን።

ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ የአዋሹ ነው። በጥር 1977 ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ነው ከሀዲዱ የወጣው፣ ፉርጎዎቹ ሸለቆው ውስጥ ወደቁ፣ ከ400 ሰው በላይ ነው ያለቀው፣ በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። የለየሁት በሁለት ነገር ነው። የድልድዩ ግንብ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ከላይ ይታያል፣ ደግሞ በተገለበጠው ፉርጎ ጎን ላይ ያሉት ፊደላት አዲሶቹ ናቸው፣ መሀሉ ዲ ነው፣ ስለዚህ ከስሙ ለውጥ በኋላ ነው። ሌላ ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፣ በስልክ ልነግርዎ እችላለሁ ከፈለጉ።

እንደዚህ ያለ ፎቶ ያላችሁ ሌሎችም ትኖራላችሁ። እባካችሁ ቴሌግራም ላይ እንደ ወሬ አትልቀቁት። በፎቶው ላይ ያሉት የሰው ወንድምና እህት ናቸው፣ ድሬዳዋ ውስጥ እስከ ዛሬ ያ ጥር ሲመጣ የሚያለቅስ ቤት አለ።

ጥያቄ፦ ከእኛ ቤት የወጣ ፎቶ ነው፣ አዲስ አበባ እንኖራለን። አንዲት ሴት ከመስኮት ለሚዘረጋ እጅ ብርቱካን ስታቀብል ያሳያል። የጣቢያው ስም ሰሌዳ ግማሹ ተቆርጧል፣ "...ረር" የሚለው ብቻ ነው የሚታየው። የት ነው?

መልስ፦ ለዛሬ የመጨረሻው ይሄ ነው፣ ከሁሉም የወደድኩትም ይሄ ነው። ባቡር ላይ የተጓዘ ሰው ይሄን ትዕይንት ያውቀዋል፣ ባቡሩ ሲቆም ከመቆሙ በፊት ነው ሴቶቹ ቅርጫት ራሳቸው ላይ አድርገው አብረው የሚሮጡት፣ ሂሳቡ የሚያልቀው ባቡሩ ከተነሳ በኋላ እየሮጡ ነው፣ አንዳንዴ መልሱን ሳይቀበሉ ባቡሩ ያመልጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ብሩን ሳይቀበሉ። በኛ መስመር በ"ረር" የሚያልቅ ጣቢያ ኤረር ነው፣ በአፍደምና በሁርሶ መሀል ያለው፣ ኤረር ደግሞ ፍል ውሃ ያለበት የፍራፍሬ አገር ነው፣ ብርቱካኑም መንደሪኑም ከዛ ነበር የሚመጣልን፣ እናቴ "የኤረር ነው?" ሳትል አትገዛም ነበር። ስለዚህ ኤረር ነው።

የሴትየዋን ማንነት ግን ሰሌዳ አይነግረንም። ፊቷ በደንብ ይታያል፣ ሃያ አምስት ሰላሳ ዓመት ይሆናታል፣ ግራ እጇ ላይ ሶስት አምባር አለ፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃን ካሜራውን ነው የሚያየው። ፉርጎው ላይ ያሉት ፊደላት የድሮዎቹ ስለሆኑ ያ ሕፃን ዛሬ ቢያንስ አርባ ዓመት አልፎታል። ከባለቤቶቹ ፈቃድ አግኝተን ፎቶውን በሚቀጥለው ገፅ በሙሉ ገፅ አትመነዋል። የኤረር ሰዎች፣ የድሬ ሰዎች፣ እባካችሁ ለእናቶቻችሁ አሳዩአቸው፣ ያወቃት ካለ ስልካችን ከስር አለ።